ልጅ እያሳደጉ መጻፍ፦ ድንገት የሚመጣን ሐሳብ የመያዝና የማደራጀት ዝርዝር መመሪያ

ታሪክ፣ ግጥም ወይም የልጆች መጽሐፍ የሚጽፍ ወላጅ የሐሳብ እጥረት የለበትም። ሐሳብማ ይመጣል። የሚመጣው ግን እጅ ሊጥ ውስጥ እያለ፣ ሕፃን ታዝሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተቁሞ ወይም ልጅ ለማስተኛት ጨለማ ውስጥ ጋደም በተባለበት ሰዓት ነው። ያልተጻፈ ሐሳብ አእምሮ ውስጥ የሚቆየው ሌላ ነገር እስኪያቋርጠው ድረስ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የሚያቋርጥ ነገር ሩቅ አይደለም። «ኋላ አስታውሰዋለሁ» የተባለውን ማታ ሲፈልጉት «የሆነ ጥሩ ነገር አስቤ ነበር» ከሚል ቁጭት በቀር የሚገኝ ነገር የለም።

ሥራው ሦስት ነው፦ መያዝ፣ መለየት፣ መጠቀም። እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሦስቱን በአንዴ ሊሠራ ሲሞክር ነው። ልጁ እያለቀሰ «ይህን የት ቦታ ላስቀምጠው?» ብሎ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን ያጣዋል። ስለዚህ በምትይዙበት ሰዓት አትለዩ፣ አታርሙ፣ አትመዝኑ። መያዝ ከ20 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ዘዴው መስተካከል አለበት።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የያዛችሁት ስልክ፣ ጥቂት ኤ4 ወረቀት፣ ሁለት ሦስት እርሳስ፣ አንድ ወፍራም ባለመስመር ደብተር፣ በሳምንት ደግሞ 25 ደቂቃ። ገንዘብ የሚከፈልበት መተግበሪያ አያስፈልግም።

1. መጀመሪያ ሐሳቡ የት እንደሚመጣ እወቁ

ለሦስት ቀን ያህል ሐሳብ ሲመጣላችሁ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን የት እንደነበራችሁና እጃችሁ ምን ይሠራ እንደነበር ጻፉ። አብዛኛው ሰው ሦስት ወይም አራት ቦታ ደጋግሞ ይመጣለታል፤ መያዣውም መዘጋጀት ያለበት እዚያ ነው። መሣሪያውን የሚመርጠው የእጃችሁ ሁኔታ ነው።

እንጀራ ስትጋግሩ አንዱ እጅ ሊጥ ነክቷል፣ ሌላው ደረቅ ነው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ፈስሶ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ ይደፋል፤ እንጀራው እስኪወጣ ድረስ ያለችው አጭር ጊዜ አንድ መስመር ለመጻፍ ትበቃለች። እዚህ የሚሠራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀትና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ ወደ ላይ አቅንተው ሲጽፉበት ቀለሙ ይቋረጣል፣ እርሳስ ግን አይቋረጥም፤ እርጥበት የነካው ወረቀት ላይም አይፈስም። እርሳሱን በክር እሰሩት፤ ካልታሰረ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ጋ ነው የሚገኘው። ክሩ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ የሚሰቀለውም ከትልቅ ሰው ትከሻ በላይ ይሁን። የተንጠለጠለ ረጅም ክር ለሕፃን አንገት አደገኛ ነው።

ልጅ ስታጥቡ ሁለቱም እጅ እርጥብ ነው፣ ከሕፃኑ ላይ ዓይን ማንሳትም አይቻልም። እዚህ ምንም አትጻፉ። ሐሳቡን ወደ ሁለት ቃል አሳጥሩትና ጮክ ብላችሁ ደጋግሙት፦ «ሰማያዊ ጃንጥላ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ»። ከፍ ያለ ልጅ ካለ «‹ሰማያዊ ጃንጥላ› ብለህ አስታውሰኝ» በሉት። ልጆች አደራ ይወዳሉ፤ ፎጣው ላይ እያላችሁ ራሳቸው ያነሱላችኋል።

ልጅ ስታስተኙ ደግሞ ጨለማ ነው። የስልክ ብርሃን ሊተኛ የተቃረበ ልጅን ይቀሰቅሳል፣ ድምፅ መቅዳትም አይቻልም። ትራስ ሥር ትንሽ የወረቀት ጥራዝ አድርጉ። ሳያዩ ለመጻፍ የግራ አውራ ጣታችሁን ወረቀቱ ዳር ላይ አድርጉና መስመሩን ከጣታችሁ ጎን ጀምሩ፤ መስመር ሲያልቅ ጣቱን አንድ ጣት ያህል ወደ ታች አውርዱ። ፊደሉን አተልቁ፣ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይስፈር። ጠዋት ይነበባል።

ታክሲ ሰልፍ ላይና ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ስትጠብቁ ስልክ ይመቻል። መኪና የምትነዱ ከሆነ ግን ስልክ አትንኩ፤ አደጋውም ሕጉም ይከለክላል። ወይ ዳር ያዙና ቁሙ፣ ወይ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይጻፍላችሁ።

መያዣዎቹ ከሦስት አይብለጡ። አንድ የወጥ ቤት ወረቀት፣ አንድ የአልጋ ጥራዝ፣ አንድ ስልክ። አራተኛ ሲጨመር «የት ነበር የጻፍኩት?» የሚለው ፍለጋ ይጀምራል።

2. የአልጋውን ጥራዝ ከአንድ ኤ4 ወረቀት መሥራት

ቆንጆ ማስታወሻ ደብተር መግዛት የሚያስቸግረው ሰው እንዳያበላሸው ስለሚፈራ ነው፤ ቆንጆ ሐሳብ ካልሆነ አይጽፍበትም። አንድ ወረቀት ታጥፎ የሚሠራ ባለ 8 ገጽ ጥራዝ ይህ ችግር የለበትም። ልጅ ቢቀደውም ወጥ ቢነካውም ሌላ ይሠራል።

የኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ረጅሙን ጎን መሐል ለመሐል እጠፉት፣ አሁን የሚረዝመውን ጎን እንደገና እጠፉት፣ ሦስተኛም እንዲሁ እጠፉት። ስትዘረጉት በእጥፋት መስመሮች የተከፈሉ 8 እኩል ክፍሎች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ 7.4 በ10.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አሁን አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን ጋር አጋጥማችሁ አንድ ጊዜ ብቻ እጠፉ። ከታጠፈው ጫፍ ጀምራችሁ በመሐለኛው መስመር ላይ እስከሚቀጥለው እጥፋት ድረስ፣ ማለትም 7.4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በመቀስ ቁረጡ። ዘርጉት፤ መሐሉ ላይ 14.8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይኖራል። ቀጥሎ ረጅሙን ጎን ከረጅሙ ጋር አጋጥማችሁ እጠፉ፣ ሁለቱን ዳር በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ መሐል ግፉ። ቀዳዳው ይከፈትና አራት ክንፍ ይሠራል፤ ክንፎቹን በአንድ አቅጣጫ ስታጥፏቸው ጥራዝ ይሆናል። ስቴፕለርም ሙጫም አይፈልግም።

የተለመደው ስህተት ከታጠፈው ጫፍ ሳይሆን ከክፍቱ ጫፍ መቁረጥ ነው። እንደዚያ ከሆነ ወረቀቱ ከሁለቱ ዳር ይሰነጠቅና ጥራዝ አይሆንም። በአንድ በኩል የታተመበት የቢሮ ወረቀትም ይሠራል፤ የታተመበትን ፊት ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት። በአንዴ አሥር ሠርታችሁ አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ሽፋኑ ላይ የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ሲሞላ ወይም ሳምንቱ ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ አውጡት።

3. ስልኩን ማዘጋጀት

ስልክ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይኑራችሁ። በእጃችሁ ያለው ቴሌግራም ከሆነ ሴቭድ ሜሴጅስ የሚባለው፣ ለራስ መልእክት የሚላክበት ክፍል፣ ከበቂ በላይ ነው፦ ጽሑፍ፣ ድምፅና ፎቶ አንድ ላይ ይቀበላል፣ ኔትወርክ ባይኖርም የጻፋችሁትን ይዞ ይቆይና መስመር ሲመለስ ይልከዋል፣ ስልክ ብትቀይሩም ይከተላችኋል። ከዝርዝሩ ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ፒን በማድረግ ከሁሉ በላይ አስቀምጡት። ይህን ካላደረጋችሁ ለመድረስ የሰው መልእክት ማለፍ አለባችሁ፤ ያልተነበበ መልእክት ስታዩ ደግሞ ሐሳቡ ይጠፋል። ጉግል ኪፕ የሚባለውን የማስታወሻ መተግበሪያ የለመደ ሰው በእሱ ይቀጥል፤ ዋናው ነገር አንድ መሆኑ ነው።

ድምፅ ስትቀዱ የማይኩን ምልክት ተጭናችሁ ወደ ላይ ጎትቱት፤ ይቆለፍና እጃችሁን ነፃ ያደርጋል። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቡ፣ በታክሲ ጫጫታ ውስጥ ከዚህ ከራቀ አይሰማም። ሲጀምሩ የሐሳቡን ዓይነት ተናገሩ፦ «ለልጆች ታሪክ፦ ...» ወይም «ንግግር፦ ...»። ከ40 ሰከንድ አትለፉ። የሦስት ደቂቃ ቅጂ ለመስማት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ቅጂዎች ከተከማቹ ማንም ወላጅ ተቀምጦ አያዳምጣቸውም። ድምፅ በጽሑፍ ፍለጋ አይገኝም። ስለዚህ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፉበት፤ ወዲያው ካልቻላችሁ በሳምንታዊው መለያ ሰዓት።

ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች አስገብቶታል። ጂቦርድ በሚባለው የጉግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን መርጣችሁ ማይኩን ስትነኩ የምትናገሩትን ይጽፋል። ጸጥ ባለ ክፍል ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው ጥሩ ነው፤ የሰውና የቦታ ስም ግን ይስታል፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ስሞቹን ብቻ እዩ። ሌላውን ለሳምንቱ ተዉት።

ዜማ የሚመጣላችሁ ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። መጀመሪያ ምቱን በጭብጨባ ሁለት ዙር ቅዱ፣ ከዚያ ዜማውን ሁለት ጊዜ አንጎራጉሩ። ምቱ ካልተቀዳ በሳምንቱ ስትሰሙት ፍጥነቱ ይጠፋችኋል። ቅኝቱን ካወቃችሁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ሌኔ ብላችሁ ተናገሩ።

የልጅ ሥዕል ሐሳብ ሲሰጣችሁ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ልጁ ስለ ሥዕሉ የተናገረውን ከፎቶው ሥር በራሱ አነጋገር ጻፉ። ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ንግግሩ ነው።

ስልኩን ልጆች የሚነኩት ከሆነ ለቴሌግራም የይለፍ ቁልፍ አድርጉለት። አንድ የተሳሳተ ንክኪ ማስታወሻችሁን ሊያጠፋ ወይም ለሥራ ባልደረባ ሊልክ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ፤ ስልክና ሲም ካርድ አብረው ሲጠፉ ማስታወሻውን ከሌላ ሰው እጅ የሚጠብቀው እሱ ነው።

4. ምን ይጻፍ? አንዱ መስመር እንዴት ይጻፋል?

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። በተግባር አብዛኛው ማስታወሻ የሚሞተው ስላልተያዘ ሳይሆን ሲያነቡት ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። «ስለ አያት ታሪክ» ብሎ የጻፈ ሰው በወሩ ሲያነበው አያት የሚለውን ያነባል እንጂ ያን ዕለት ያስደነገጠውን ነገር አያገኘውም።

መስመሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ ያስገረመኝ ምኑ ነው። ከ15 እስከ 25 ቃል ይበቃል። ልዩነቱን እዩት፦

ደካማው፦ «አያትና ስልክ።»

የሚጠቅመው፦ «አያት የልጅ ልጇ ከአረብ አገር የምትልክላትን ድምፅ የምትሰማው በጎረቤት ስልክ ነው፤ ጎረቤቷ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ቀድማ ታውቃለች።»

ሁለተኛው ውስጥ ሰው አለ፣ የሚያጋጥም ነገር አለ፣ ጥያቄም አለ፦ ጎረቤቷ ክፉ ዜና ብትሰማ ለአያቲቱ ታሰማታለች ወይስ ትደብቃታለች? ታሪኩ የሚጻፈው ከዚህ ነው።

ደካማው፦ «ሳሚ ዛሬ ስለ ሌሊት የሚያስቅ ነገር አለ።»

የሚጠቅመው፦ «የ4 ዓመት ልጅ፣ ቁርስ ላይ፦ ‹ጠዋት ሲመጣ ማታው የት ይሄዳል?› አባቱ ሻይ እያቀዘቀዘ ‹ወደ ቤቱ› አለው።»

የልጅ ንግግር ስትይዙ ሰዋስውን አታርሙ። «ማታው የት ይሄዳል» የሚለውን «ሌሊቱ ወዴት ይሄዳል» ብላችሁ ካስተካከላችሁት የልጁ ድምፅ ይጠፋል። ዕድሜውን ጻፉ፤ የአራት ዓመትና የሰባት ዓመት ልጅ አነጋገር ሩቅ ለሩቅ ነው፣ ኋላ ገጸ ባሕርይ ስትፈጥሩ ይህ ያድናችኋል። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ልጁ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ፣ ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ ሲቀላቅል በቀላቀለበት መንገድ ያዙት።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። ስልኩ የፈረንጅ አቆጣጠር ይጠቀማል፣ እናንተ በኢትዮጵያ ትጽፋላችሁ፤ «12/3» የሚለው ኅዳር 12 ይሁን ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 ከዓመት በኋላ ማወቅ አይቻልም። ወሩን በስሙ ጻፉ፦ «ኅዳር 12»።

ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ደክሞኝ በወሩ ባነበው ይገባኛል? መልሱ «ምናልባት» ከሆነ አንድ ቃል ጨምሩ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው «ምክንያቱም» ነው።

5. ሳምንታዊው 25 ደቂቃ

መለየት የሚሠራው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ሰዓቱን ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር እሰሩት፦ እሑድ ልጆች ከምሳ በኋላ ሲተኙ፣ ወይም ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቱ ሲረጋ። «ሲመቸኝ» የተባለ ሰዓት ልጅ ባለበት ቤት አይመጣም። ከ25 ደቂቃ በላይ አትውሰዱ፣ ካለቀ አቁሙ፤ ሥራው አድካሚ ሆኖ ከተሰማችሁ በሚቀጥለው ሳምንት አትቀመጡም።

አምስቱ ደቂቃ ለመሰብሰብ ነው። የወጥ ቤቱን ወረቀት፣ የአልጋውን ጥራዝ፣ ስልኩን አንድ ላይ አምጡ። ያልተሰሙ ድምፆችን ስሙና ከሥራቸው አንድ መስመር ጻፉ።

አሥሩ ደቂቃ ለመወሰን ነው። እያንዳንዱን አንብቡና ወይ ወደ ደብተሩ ይግባ ወይ ይጣል። «ለማንኛውም ይቀመጥ» የሚባል ሦስተኛ ምርጫ የለም። ብዙው ይጣላል፤ ይህ ጤናማ ነው። የምትጥሉት ዛሬ የማይስባችሁን እንጂ መጥፎውን ብቻ አይደለም።

ቀሪው አሥር ደቂቃ ወደ ወፍራሙ ደብተር በእጅ መገልበጫ ነው። በእጅ እንድትገለብጡ የምንመክረው ምክንያት አለን፦ በእጅ መጻፍ የሚያሰለቻችሁ ሐሳብ ለወራት ተሸክማችሁት አትሠሩትም። ስትገለብጡ መስመሩ ይሻሻላል፣ አንዳንዴም ሁለት መስመር ይሆናል፤ ተዉት ይሁን። እያንዳንዱን ሐሳብ ከ1 ጀምሮ ተከታታይ ቁጥር ስጡት። ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ ከአምስት አይብለጡ፣ ለምሳሌ ታሪክ፣ ግጥም፣ ሰው፣ ንግግር፣ ቦታ። አሥራ አምስት ምልክት ያለው ሰው የትኛውን እንደሚሰጥ ሲያስብ ይደክማል። የደብተሩን የመጨረሻ አራት ገጾች ለማውጫ ተዉ፤ በየምልክቱ ሥር የሐሳቦቹን ቁጥር ብቻ ደርድሩ። «ንግግር፦ 4፣ 9፣ 17፣ 31» ካለ ገጸ ባሕርይ የሚናገረው ሲጠፋችሁ የት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ።

ስልክ ላይ ምልክቱን በሃሽታግ አድርጉ፦ #ንግግር፣ #ሰው። ባዶ ቦታ ሃሽታጉን ስለሚቆርጠው ሁለት ቃል ከሆነ ከሥር መስመር አገናኙ፦ #የልጆች_ታሪክ። አማርኛ ላይ ደግሞ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች። ዛሬ #ሐሳብ፣ ነገ #ሀሳብ ከጻፋችሁ ስልኩ ሁለት የተለያየ ነገር አድርጎ ይወስደዋል፣ ግማሹ አይወጣም። ጸሐይና ፀሐይ፣ ሰውና ሠው እንዲሁ ናቸው። የመረጣችሁትን አጻጻፍ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉትና በእሱ ብቻ ቆዩ። ቃል ስትፈልጉም «ቤት» ብላችሁ «ከቤት» እና «ለቤቱ» ላይወጡ ይችላሉ፤ ቃሉን ሳይሆን ምልክቱን ፈልጉ።

ተገልብጦ ያለቀውን ጥራዝ ጣሉት። የስልኩን መልእክት ሠርዙት ወይም ጽሑፉ ላይ ✓ ጨምሩበት። ያለፈውን ከአዲሱ የማይለይ ሰው በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ያነባል። በወር አንድ ጊዜ የደብተሩን አዲስ ገጾች ፎቶ አንሱና ወደዚያው ሴቭድ ሜሴጅስ ላኩ። ደብተር ውኃ ይፈስበታል፣ ሕፃን ይሥልበታል።

6. ከደብተር ወደ ሥራ

የተሰበሰበ ሐሳብ ሥራ አይደለም፣ መሰብሰብ ደግሞ መጻፍ የመሰለ እርካታ ይሰጣል። ለዚህ መከላከያው በአንድ ጊዜ ከሦስት ሐሳብ በላይ «በእጅ» አለማድረግ ነው። ሦስቱን ደብተሩ የፊት ሽፋን ውስጥ ጻፏቸው። አንዱ ካለቀ ወይም ከተጣለ ብቻ አዲስ ይገባል።

ለእያንዳንዳቸው ቀጣዩን እርምጃ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፣ ሲቀመጡ ሳይሆን ሲነሱ። «ታሪኩን መቀጠል» እርምጃ አይደለም። «ጎረቤቲቱ ስልኩን ስታጠፋ የምትለውን መጻፍ» እርምጃ ነው። ወላጅ የሚያገኛት ትርፍ ጊዜ አጭር ናት፤ 15 ደቂቃ ተገኝቶ አሥሩ «የት ነበርኩ?» ላይ ካለቀ ምን ቀረ?

እርምጃዎቹን እንደ ርዝመታቸው ለዩ። በ5 ደቂቃ ስም መምረጥ፣ አንድ መስመር ማስተካከል፣ የክፍል ሽታና ድምፅ መዘርዘር ይቻላል። በ15 ደቂቃ የሁለት ሰው ንግግር ይጻፋል። ከ40 ደቂቃ በላይ ሲገኝ ብቻ ረቂቅ ጀምሩ። አምስት ደቂቃ ላይ ረቂቅ የሚጀምር ሰው ተቋርጦ ይናደዳል፣ ቁጣውም ወደ ልጁ ይሄዳል።

ረጅሙን ጊዜ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተስማሙበት። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ሳይሆን «ቅዳሜ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ልጆቹን አንተ ትይዛለህ፣ እሑድ ከ10 እስከ 11 እኔ እይዛለሁ» በሉ። ባል ወይም ሚስት በሥራ ከራቁ ከእኅት፣ ከአክስት ወይም ልጅ ካለው ጎረቤት ጋር መለዋወጥ ይቻላል። ማንበብና መጻፍ የጀመረ ልጅ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ እሱም የራሱን ይጻፍ። ለ15 ደቂቃ የሚሠራ ዘዴ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ግን አትጠብቁ።

ሐሳብ የደረቀ ሲመስላችሁ ከደብተሩ ሁለት ቁጥር በዘፈቀደ ምረጡና አገናኟቸው። 9ኛው «ማታው የት ይሄዳል?» የሚል ልጅ፣ 22ኛው ሌሊት የሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ ከሆነ፣ ልጁ ስለ ማታው የሚጠይቀው ሌሊትን የሚያውቀውን ሰው ነው። የልጆች መጽሐፍ ጅማሬ እጃችሁ ላይ አለ።

7. ስለ ሌሎች ሰዎች የምትጽፉት

የልጃችሁን ንግግር መያዝ መልካም ነው፣ ማተም ግን ሌላ ውሳኔ ነው። ስሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሕመሙ፣ ያፈረበት ነገር አይውጣ። ዕድሜው ከደረሰ ጠይቁት፣ እንቢ ካለ እንቢታው ይከበር። ዘመድ በቡና ላይ ያወጋችሁን ምስጢር ስትይዙ ከቁጥሩ አጠገብ «የቤት» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ሰውየው ራሱን እስከማያውቅ ድረስ ካልተቀየረ ከደብተር አይውጣ።

ሐሳባችሁን ለሰው በማውራት እንዳይወሰድባችሁ ለምትሰጉ አንድ ነገር እወቁ፦ የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም። ስለዚህ ጥበቃው ሐሳቡን መደበቅ ሳይሆን መጻፍ ነው።

8. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ልጅ ይታመማል፣ በዓል ይመጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ተዘግቶ ቤቱ ይሞላል፣ አዲስ ሕፃን ይወለዳል። በዚህ ጊዜ ዘዴውን አሳንሱት እንጂ አትተዉት፦ የአልጋው ጥራዝና ስልኩ ብቻ ይቆዩ፣ መለየቱ ይቅር። በአራስነት ጊዜ በቀን አንድ መስመር የያዘች እናት ብዙ ይዛለች።

ስትመለሱ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ቀን ለመለየት አትቀመጡ፤ ብዙዎች ለዘለቄታው የሚያቆሙት እዚያ ቀን ላይ ነው። ጥራዞቹን ሁሉ አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቱ፣ ላዩ ላይ «ከሰኔ እስከ መስከረም» ብላችሁ ጻፉ። ስልኩ ላይ ያለውን የመጨረሻ መልእክት አግኙና ከሥሩ «እስከዚህ አልተለየም» የሚል መስመር ላኩ። ከዚያ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። በየሳምንቱ መለያ ሰዓት ላይ የሳምንቱ ካለቀ በኋላ ከፖስታው አምስት ገጽ ብቻ አውጡና ለዩ። ሦስት ወር አልፎት ያልተከፈተ ፖስታ ካለ፣ አንድ ጊዜ ገለጥ ገለጥ አድርጉና ዓይናችሁን የያዘውን ብቻ አውጥታችሁ ሌላውን ጣሉት።